ግጥም ያረምኩ ቀን

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነበርኩ። «ባለሙያ» የሚለው እንዳያስደነግጣችሁ። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት፣ ባነር ማሠራት፣ የኃላፊውን ንግግር መጻፍና ስብሰባ ላይ የታሸገ ውሃ መቁጠር ነበር። ውሃው ሁሌም ይጎድላል።

ነሐሴ ላይ ኃላፊው ጠራኝና የሰፈሩን እድሮች የምናመሰግንበት ዝግጅት እንዳሰናዳ አዘዘኝ። እውነትም ይገባቸው ነበር። በዚያ ክረምት የአቅመ ደካሞች ቤት ሲጠገን ጣራ ላይ የወጡት፣ ጭቃ ያቦኩት፣ ምሳ ያበሰሉት እድርተኞቹ ናቸው። እኛ ፎቶ አነሳን። እድር ሲባል ቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው አሁንም አለ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሲገባ ግን ታማሚ ያስታመሙ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን የደገፉ የአዲስ አበባ እድሮች ብዙ ናቸው። በሰው መዋጮ የቆመ ነገር ነው፤ ለፎቶ አይሠራም።

የምስክር ወረቀቱን አሳተምኩ። የቀረው ግጥም ነበር። እኛ አገር ፕሮግራም ያለ ግጥም አይከፈትም። ለዚህ ደግሞ ሰፈሩ የራሱ ገጣሚ ነበረው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም «መምህር» ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ወርደው ቅኔ ቆጥረዋል። አሁን የእድሩ ፀሐፊ ናቸው። መዝገቡን ይይዛሉ፣ መጻፍ ለማይችል ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ሰርግ ላይ ሙሽራ ያወድሳሉ፣ አርባ ሲወጣ ለሟች ግጥም ያነባሉ። መጽሐፍ አላሳተሙም። ግጥሞቻቸው ያሉት በሰፈሩ ሰው አፍ ላይ ነው።

የኃላፊውን ንግግር ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ገጣሚና የሕዝብ አገልጋይ አንድ ሰው ሲሆን ምን ይመስላል ብዬ ምሳሌ ፈለግሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አመጣሁ፤ ደራሲም ነበሩ፣ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም መርተዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ጨመርኩ። ግጥምና ተውኔት ጽፈዋል፣ በጠላት ጊዜ አዚናራ ደሴት ታስረዋል፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ ኋላ ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። በ1927 የተመሠረተውን የሀገር ፍቅር ማኅበርንም አልረሳሁም። ጣሊያን ሊወር ሲያሰፈስፍ ሕዝቡን በንግግርና በግጥም ያነቃቃው ማኅበር ነው፤ ከቅኔ ቤት የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤም ነበሩበት። ስለ ገጣሚ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነበርኩ እንግዲህ።

መምህር ግጥማቸውን ከሁለት ቀን በፊት በደብተር ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ኃላፊው «አየት አድርገው፤ ወጣ ያለ ነገር እንዳይኖር» ብሎኛል። አየት አደረግሁ። ሃያ አራት ስንኝ ነው፤ ስድስት ስድስት እየመታ የሚሄድ የወል ቤት። ሁሉም ምስጋና መሰለኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን ብዕሬ ቆመ፦

ድንኳኑ ተቀዶ ዝናብ ቢያፈስም፣
ጎረቤት ጣራ ነው፣ ለቀስተኛ አይርስም።

ባለፈው ዓመት ለእድሩ ድንኳን የሰጠው ወረዳው ነው። እኔ ራሴ ነኝ ርክክቡን ፎቶ ያነሳሁት። ታዲያ «ተቀዶ» ምን ማለት ነው? በምስጋና ቀን ስድብ! ሁለቱን ስንኞች ሰረዝኩ። ቤት የሚመቱት እርስ በርሳቸው ስለሆነ ቢወጡም የተሰበረ ነገር አይታይም። አርታኢ የሆንኩ መሰለኝ። ወዲያው ከታች ያለችውን ደግሞ ወደድኳት። እንዲያውም ባነር ላይ ላደርጋት ነበር፤ ቦታ አነሰኝ እንጂ፦

ዘበኛው በክብር በሩን ቢከፍትልን፣
ገና ሳንቀመጥ ጥሩ ሰው ተባልን።

እንዴት ያለች ለመስተንግዷችን የተሰጠች ምስጋና! ለመምህር ደውዬ «ሁለት ስንኝ ለሰዓት ስል ቀንሻለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «የትኛዋን ልጄ?» ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። የዚያ «እሺ» ትርጉም የገባኝ በኋላ ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ንግግሩን አነበበ፤ ኅሩይም ስንዱም በሰላም አለፉ። ከዚያ መምህር ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ወረቀት አልያዙም። የሰረዝኩት ቦታ ሲደርሱ ቃላቸውን ጠብቀው ዘለሉት። ከኋላ ወንበር ግን አንዲት እናት ጮክ ብለው «ድንኳኗስ?» አሉ። መምህር ፈገግ ብለው ቀጠሉ።

«...ገና ሳንቀመጥ ጥሩ ሰው ተባልን።»

ኃላፊው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች «ይበል! ይደገም!» አሉ። መምህር ደገሙት። አሁን ግን «ጥሩ» ብለው ቆሙ፣ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፣ ከዚያ «ሰው» አሉ።

አዳራሹ ፈረሰ። ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው አንድ ላይ። የእኔ ጆሮ ያን ጊዜ ነው የተከፈተው። «ጥሩ ሰው» ሰሙ ደግ ሰው ነው። ወርቁ «ሰው ጥሩ» ነው፤ ጥሪ። መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ደግሞ «ሰው» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። «እዚያ ቢሮ ሰው አለህ?» ሲባል ስለ ሰው ብዛት አይደለም የሚጠየቀው።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ «ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለኝ።

«ደስ ብሏቸው ነው» አልኩ። ምን ልበል?

ነገሩ በዚህ ቢያልፍ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ ለምስጋና ወጡ። ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፣ ቀልድ የማይቀራቸው። «መምህር እንዳሉት ጥሩ ሰው ተባልን። እኛም ታዛዥ ነንና ጠራን። ይኸው ዛሬ ሰው መጣልን» ብለው ወደ ኃላፊው እጅ ነሱ። ያንን ሁሉ ሳቅ አንስተው ከበሬታ አደረጉት። እንዲህ ያለውን ችሎታ በየትኛው ሥልጠና እንደሚሰጡት እንጃ። ኃላፊውም ተነሥቶ አጸፋውን እጅ ነሣ።

ማምሻውን አስጠራኝ። ቅኔውን የፈታለት ሾፌሩ ነው። አልጮኸብኝም።

«ግጥሙን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አየህ?»

መልስ አልነበረኝም። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እኔ ጠያቂም ነኝ፣ ደሞዝም ይከፈለኛል። እረኛው ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቶኝ ነው ያልሰማሁት።

በማግሥቱ መምህር ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ስለ ቅኔው ምንም አላሉኝም። ያዘኑት በድንኳኗ ነው።

«የእናንተ ድንኳን መሰለችህ? የእናንተማ ገና ከነላስቲኩ ናት፤ ለትልቅ ለቅሶ ብለን አስቀምጠናታል። ያቺ የድሮዋ ናት። ሴቶቹ በእጃቸው የሰፏት። የዚህ ሰፈር ሰው አባቱንም እናቱንም ያለቀሰው እሷ ሥር ነው። ሰዉ የመጣው እሷን ሊሰማ ነበር።»

በጣም አፈርኩ። የተናደፈችውን ስንኝ ባነር ላይ ልሰቅል፣ የምታስለቅሰዋን ሰርዣለሁ።

ከዚያ እሳቸው በተራቸው ጠየቁኝ። «ሚያዝያ ላይ እኔ፣ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ቢሮአችሁ መጥተን ነበር። የእድሩን ዕቃ የምናስቀምጥበት መጋዘን እንድናገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልገን። ዘበኛው እውነትም በክብር ነው ያስገባን። አንድ ልጅ ስልኩን እያየ ማመልከቻችንን ተቀበለና «ይህ ነገር እንዲሁ አያልቅም፤ የምታውቁት ሰው ካለ ጥሩ» አለን።»

«አንድ ልጅ» ነው ያሉት። ማን እንደሆነ አልጨመሩም። ሲኒዬን ተቀብለው ሁለተኛውን ቀዱልኝ።

ቢሮ ስመለስ መሳቢያዬን ገለበጥኩት። ማመልከቻው ከባነር ደረሰኞች ሥር ነበር፤ በሚያምር የመምህር እጅ ጽሑፍ፣ ከነእድሩ ማኅተም። ለደብዳቤው አስፈላጊ የነበረው የአንድ ሰው ፊርማና መዝገብ ቤት ወርዶ ቁጥር ማስመታት ብቻ ነው። ከሻይ ሰዓት በፊት አለቀ። እነሱ የጠበቁት አራት ወር ነው።

በዚያው ቀን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ዞር አድርገው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ማንን ጠርተህ ነው?» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።