ቢጫ የሚያብበውን የጊቢ ዛፍ መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቢጫ አበባ ያላቸውን የጊቢ ዛፎች በስማቸው ለማወቅ እየተማርኩ ነው። ቀለሙ ብቻውን ብዙም አይረዳም። አበባውን ብቻ ፎቶ አንስቼ ለስልክ መተግበሪያ ስሰጠው በየጊዜው ሌላ ስም ያመጣል። ቅጠሉንና ፍሬውን ስጨምርበት ግን መልሱ ይጠራል።

አሁን በእርግጠኝነት የምለየው በሰፈራችን አጥር ላይ በብዛት ያለውን ነው፤ ቴኮማ ስታንስ ይባላል። መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። ባሃማስ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች። ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ደግሞ በትንንሽ ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው፤ ጫፉ ላይ አንዷ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ አለው። እኔ መጀመሪያ የማየው ይህን ጠርዝ ነው፤ ብዙ ተመሳሳይ ዛፎችን ወዲያው ያስወጣልኛል። አበባው ከሥሩ ቱቦ ሆኖ ጫፉ በአምስት ይከፈላል፤ ውስጡ ቀላ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ፍሬው እንደ ፋሶሊያ ቀጭንና ረጅም ነው። ደርቆ ሲከፈት ክንፍ ያላቸው ስስ ዘሮች በነፋስ ይበተናሉ።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ቴቬሺያ ነው። እሱን ግን በደንብ ለዩት፣ መርዛማ ነው! ቅጠሉ ነጠላ፣ ጠባብና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጠርዙ ጥርስ የለውም። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል። ፍሬው ማዕዘን ማዕዘን ያለው አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል ይጠቁራል። መላ አካሉ፣ በተለይ ዘሩ፣ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው። ልጆች የሚጫወቱበት ጊቢ ውስጥ ፍሬው መሬት ላይ ሲረግፍ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ወተቱ እጃችሁን ከነካ በሳሙና ታጠቡ።

የሴና ወገን የሆኑት ቀለል ይላሉ። አበባቸው ቱቦ ሳይሆን አምስት የተነጣጠሉ የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ አረንጓዴው ቅጠላቸውም ጫፉ ላይ ብቸኛዋ የለችውም። አንደኛው፣ ሴና ዲዲሞቦትሪያ፣ የአፍሪካ ተወላጅ ነው። እምቡጦቹ ጥቁር ቡናማ ስለሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ቅጠሉ ሲታሽ የለውዝ ቅቤ ሽታ አለው።

አሁን የያዝኩት ጎረቤት ጊቢ ያለውን ረጅም ዛፍ ነው። አበባው በረጃጅም ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ካሲያ ፊስቱላ ይመስለኛል። ከሆነ ክንድ የሚያህል ድፍን ዱላ መሰል ፍሬ ማውጣት አለበት፤ እሱን እየጠበቅኩ ነው። እናንተም ስም ስትጠይቁ የቅጠሉን አቀማመጥ፣ ጠርዙንና ፍሬውን የሚያሳይ ፎቶ ጨምሩ።