ከመሣሪያው በፊት መሰኪያው ይታይ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን፣ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ»፣ «ፕሪንተሩ እምቢ አለ» የሚል አቤቱታ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ እንደተረዳሁት ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው ሳይሆን የተሰካበት ቦታ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው መረጃ ብቻ አይደለም፤ ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ፍላሽና ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩበትን ኤሌክትሪክ የሚያገኙትም በዚያው ገመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ መሣሪያ እንዲሰጥ የተመደበለት ኃይል በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ በ2008 የመጣው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ይህን ወደ 900 ሚሊአምፔር ከፍ አድርጎታል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በመሰኪያው ውስጥ ባለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይለያል። ለማውስና ለኪቦርድ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ግን ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ሳሕን መሽከርከር በሚጀምርበት ቅጽበት ሥራውን ከያዘ በኋላ ከሚፈልገው የበለጠ ኃይል ይስባል።

አንድ ተማሪ የጥናቱን መረጃ በሙሉ የያዘ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ሞተብኝ መሰለኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የማደርገው ጆሮዬን ማስጠጋት ነው። ዲስኩ ለመነሣት እየሞከረ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መልሶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ረጅሙን ማራዘሚያ ገመድ አስወግጄ በራሱ አጭር ገመድ ከዴስክቶፑ ጀርባ እሰካዋለሁ። የጀርባዎቹ መሰኪያዎች በቀጥታ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ሲሆኑ፣ የፊቶቹ ግን በሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ገመድ የተያያዙ በመሆናቸው ኃይሉ እዚያ ይደክማል። የተሰካው የራሱ የኃይል ምንጭ በሌለው ሃብ (አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የተሰኩበት አራት መሣሪያዎች ሁሉ የሚካፈሉት የአንዱን መሰኪያ ኃይል ነው። እዚያም ላይ ሆኖ ድምፁ ካልተለወጠ ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ነቅሎ ለባለሙያ መስጠት ይገባል።

የፕሪንተር ነገር ከዚህ ይለያል፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከግድግዳ ነውና። ብዙ አምራቾች ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሳይጫን የዩኤስቢ ገመዱ እንዳይሰካ ያሳስባሉ፤ ይህን ማክበር ብዙ ድካም ያድናል። በዊንዶውስ ላይ አንዳንድ ፕሪንተሮች ከቀድሞው በተለየ መሰኪያ ሲገቡ እንደ አዲስ ተመዝግበው በስማቸው መጨረሻ «ኮፒ 1» የሚል ይጨመርባቸዋል። የታዘዘው ወረቀት ግን ኦፍላይን (ግንኙነቱ የተቋረጠ) ወደሆነው ወደ ቀድሞው ስም ሄዶ ተሰልፎ ይቀራል፤ ባለቤቱም ፕሪንተሩን ይወቅሳል። መፍትሔው ገመዱን ወደ ነበረበት መመለስ ወይም አዲሱን ስም ዲፎልት (ኮምፒውተሩ በራሱ የሚመርጠው ፕሪንተር) ማድረግ ነው።

በከተማችን መብራት ሄድ መለስ ስለሚል ብዙዎች ሁሉንም ነገር ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጥ ባለባትሪ መሣሪያ) ጋር ማያያዝ ይወዳሉ። ሌዘር ፕሪንተር ግን ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል ሲያሞቅ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ ትንሹን ዩፒኤስ ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል። ዩፒኤሱ ለኮምፒውተሩና ለሞኒተሩ ይዋል፤ መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩን ከሶኬት መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋጋ ጥቂት መጠበቅ ይበቃል።

ፍላሽን በተመለከተ ደግሞ የኮፒው መስኮት ከስክሪኑ ስለጠፋ ብቻ መንቀል አደገኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ክፍል ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል። በተግባር አሞሌው (በስክሪኑ ግርጌ ባለው መስመር) ላይ ያለውን የማስወጫ ምልክት ተጭኖ ፈቃዱን መጠበቅ፣ ፍላሹ መብራት ካለውም ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም አለመንካት ያስፈልጋል።