ፖርቹጋልኛን ደሴ ቁጭ ብሎ መማር፦ የያዝኳቸውና የተውኳቸው ማቴሪያሎች

አንዳንዶቻችሁ የት እንደደረስኩ ጠይቃችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ፖርቹጋልኛ ለመጀመር ምን ላውርድ?» ብላችኋል። ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ።

ያለሁበት ይሄ ነው። በዝግታ የሚነበብ ዜና ጭብጡ ይገባኛል። አጭር ጽሑፍ መዝገበ ቃላት እያየሁ አነባለሁ። ንግግር ላይ ገና ነኝ። ደሴ ውስጥ በፖርቹጋልኛ የሚያዋራኝ ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ ከራሴ ጋር አወራለሁ። ቤተሰብም ለምዶታል።

ማቴሪያል ሞልቷል፣ እሱ አያሳስባችሁ። ጣጣው አብዛኛው የብራዚል መሆኑ ነው፤ ያንንም ሁልጊዜ አይነግሯችሁም። ዱኦሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ የሚያስተምረው የብራዚሉን ነው። ዩቲዩብ ላይ ብትፈልጉም ቀድሞ የሚመጣው ባብዛኛው ብራዚላዊ አስተማሪ ነው። ቢሆን አይገርምም። ብራዚል ብቻዋን ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፣ ፖርቹጋል ግን 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ብዙም አያስቸግርም። ጆሮ ላይ ነው ጉዱ። ብራዚላዊው «እንደምን አደርክ»ን «ቦን ጂያ» ሲል ፖርቹጋላዊው «ቦን ዲያ» ይላል። «ከተማ» በብራዚል «ሲዳጂ»፣ በፖርቹጋል «ሲዳድ» ነው። ብራዚላዊው አናባቢውን ሁሉ ዘርግቶ ይናገራል፤ የሊዝበኑ ሰው ግማሹን ይውጠዋል።

ስለዚህ አፕ ከመምረጣችሁ በፊት አገር ምረጡ። ይሄን አጥብቄ የምለው ነገር ነው። ሳኦ ፓውሎ የሚበር ሰው፣ ብራዚላዊ ቱሪስት የሚያስጎበኝ የላሊበላ ልጅ፣ የብራዚሉን ይያዝ። ሥራው ወይም ሐሳቡ ሉዋንዳና ማፑቶ ከሆነ ወደ ፖርቹጋሉ ያድላ። የአንጎላና የሞዛምቢክ አነጋገር የራሱ ለዛ ቢኖረውም ወደ ሊዝበኑ ይቀርባል። አየር መንገዳችን ሦስቱም ከተሞች ይበራል፤ የቋንቋው ጥቅም እዚያው አፍንጫችን ስር ነው ማለት ነው።

እኔ የፖርቹጋሉን መረጥኩ። አንዱ ምክንያቴ አማርኛ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የትኛውም መማሪያ ይሄን አይነግራችሁም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሊዝበንን አነጋገር ይፈሩታል። አናባቢው ተውጦ ይጠፋባቸዋል። እኛ ግን ሳድስ አለን። የፖርቹጋሉ የተዋጠ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የእኛ «እ» ነው፣ ሌላው ደግሞ ለግዕዙ «ኧ» በጣም ይቀርባል። ስልክ በብራዚል «ቴሌፎኒ» ነው፣ በፖርቹጋል «ትልፎን»። ትንሽ የሚለው ቃል በብራዚል «ፔኬኑ»፣ በፖርቹጋል «ፕኬኑ»። አያችሁ? በፊደላችን ቁጭ ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል አነባበብ ለመጻፍ ከመታገል በፊደል መጻፍ ይሻላል። የኔ ደብተር ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ነው፦ በግራ ቃሉ፣ በመሃል አነባበቡ በፊደል፣ በቀኝ አማርኛው።

«ኝ» እና «ዥ»ም አሉን። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ሞሪንሆ» የሚሉት ሰውዬ በአገሩ «ሞሪኙ» ነው። ለእኛ ምላስ ምንም አይከብድም፤ ለምን እንደምናከብደው አላውቅም። ቃል መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ስ» በሊዝበን «ሽ» ይሆናል፣ እሱም አለን። የሌለን በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። «አይደለም» ለማለት «ናው» ይላሉ፣ ግን ግማሹ በአፍንጫ ነው። ፊደሉ ላይ ነጥብ አድርጌ አልፈዋለሁ፣ ትክክለኛውን ከድምፅ እሰማለሁ። ለዚህ ፎርቮ የሚባለው ድረ ገጽ ግሩም ነው። ቃሉን ጽፋችሁ ትፈልጋላችሁ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ቀርጸው ያስቀመጡትን ትሰማላችሁ፣ ተናጋሪው ከየት አገር እንደሆነም ይጽፋል።

አሁን ወደ ማቴሪያሉ። ዱኦሊንጎን ለጥቂት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ክፉ ሆኖ አይደለም። ቃል ያስለምዳል፣ ነፃ ነው፣ በየቀኑ ይጎተጉታል። ግን ከላይ ያልኩት የአገር ጉዳይ አለ። ሌላው ደግሞ ለሁሉም ሰው «ቮሴ» (አንተ፣ አንቺ) እያላችሁ እንድታድጉ ያደርጋል። ብራዚል ውስጥ ችግር የለውም። ፖርቹጋል ውስጥ ግን ለታላቅ ሰው «ቮሴ» ማለት ሻካራ ሊሆን ይችላል። ለቅርብ ሰው «ቱ» ይባላል፣ ለትልቅ ሰው «ኡ ስኞር» ወይም «ኧ ስኞረ»። አንቱታን ለለመደ የወሎ ልጅ ይሄ ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅም፤ መማሪያው ቀድሞ ቢነግረን ነው ጥሩው።

በነፃ ከሚገኙት ውስጥ ወፍራሙ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጀው የድሮ ኮርስ ነው። የመንግሥት ሥራ ስለሆነ መጽሐፉንም ድምፁንም ማውረድ ይቻላል። አንዴ ካወረዳችሁ ዳታ አይበላም፣ መብራት ሲጠፋም ስልካችሁ ላይ አለ። ያው ደረቅ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር እያገለባበጠ ያስደግማል። ዋናው ኮርስ የብራዚሉን ቢያስተምርም የግሥ እርባታውን ለመቆርጠም ተጠቅሜበታለሁ። እርባታው ራሱ ለእኛ አይከብድም። እኛ «እኔ» ሳንል «መጣሁ» እንደምንለው እነሱም «ፋሉ» ካሉ እናገራለሁ፣ «ፋላሙሽ» ካሉ እንናገራለን ነው፤ ባለቤቱ ግሡ ውስጥ አለ።

በነገራችን ላይ ኮርሱን ያዘጋጁት አሜሪካኖች ፖርቹጋልኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከ24 እስከ 30 ሳምንት የክፍል ትምህርት ይፈጃል ይላሉ። ለአማርኛ የሰጡት 44 ሳምንት ነው። ከባዱን በነፃ ጨርሰናል፣ አትፍሩ።

ለፖርቹጋሉ ዘዬ እስካሁን ያየሁት ምርጡ ፕራክቲስ ፖርቹጊዝ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። አጫጭር ንግግሮች አሉት፣ ከነጽሑፋቸው። ፍጥነቱ ለጀማሪ ይሆናል። የተወሰነው ነፃ ነው፣ ሙሉው በክፍያ ነው። ክፍያው ደግሞ በውጭ ካርድ ስለሆነ ከዚህ ሆኖ መክፈል ጣጣ ነው። በነፃው ብቻ ብዙ ርቀት ይኬዳል። ኮምቦልቻ ስመላለስ ሐረጎን እስክንወርድ አንዱን ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አትድገሙ እንጂ ቦታው ጥሩ ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝን ግን ማንም ሲጠቁም ሰምቼ አላውቅም፦ ዶይቸ ቬለ። የአማርኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለአፍሪካ የሚያሰራጨው የፖርቹጋልኛ ክፍልም አለው፣ በተለይ ለአንጎላ፣ ለሞዛምቢክና ለጊኒ ቢሳው። አንድ ትልቅ የአፍሪካ ዜና ሲኖር ሁለቱም ይዘግቡታል። መጀመሪያ በአማርኛ አነባለሁ። ከዚያ የፖርቹጋልኛውን እከፍታለሁ። ትርጉም አይደሉም፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የጻፈው፤ ግን ጉዳዩን ስለማውቀው ያላየሁት ቃል ራሱ ምን እንደሆነ ይነግረኛል። ምርጫ፣ ስምምነት፣ የኑሮ ውድነት፣ ድርቅ፣ የመሳሰሉትን ቃላት የያዝኩት በዚህ መንገድ ነው። የማያልፍ ቃል ሲገጥመኝ ፕሪቤራም ላይ አየዋለሁ። ፖርቹጋልኛን በፖርቹጋልኛ የሚፈታ ነፃ መዝገበ ቃላት ነው። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፣ በኋላ ግን እንግሊዝኛን ከመሃል ያወጣላችኋል።

በተመሳሳይ መንገድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ጎን ለጎን የሚያነብም አለ። አንድ ጓደኛዬ የማርቆስን ወንጌል አልሜይዳ በሚባለው የፖርቹጋልኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ይዟል። ሌላው የቁርኣንን የፖርቹጋልኛ ትርጉም ይዟል። በቃል የሚያውቁትን ስለሚያነቡ ይፈጥናሉ። ቋንቋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ገበያ ላይ አይወራበትም።

አርቲፒ የፖርቹጋል የመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን ነው። ለጀማሪ ይፈጥናል። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ ራዲዮውን ነው የምከፍተው፤ ዳታው ይቀላል። አንኪን፣ ቃል በካርድ እየደጋገመ የሚያስጠናውን አፕ፣ አብዛኞቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ስለሱ አልደግምም። የሰው ካርድ አውርዳችሁ አትሸምድዱ፣ ካነበባችሁት ራሳችሁ ሥሩ።

የማንበቡ ግብ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ነበር። ግቤ አንድ የድሮ መጽሐፍ ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ የሚባል ቄስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥቶ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ጽፏል። ላሊበላን ሲገልጽም ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ይተወዋል። ዲጂታል ቅጂው በነፃ ይገኛል። አጻጻፉ የድሮ ስለሆነ እንደ ዛሬው ዜና አይነበብም፤ አንዷን ገጽ ብዙ ታገልኩባት። ሳትዘጋጁ አትግቡበት። እኔም ለጊዜው ወደ ዜናው ተመልሻለሁ።

የምስክር ወረቀት ለሚፈልግ፣ የፖርቹጋሉ ፈተና ለመሠረታዊ ደረጃ ሲፕል ይባላል፣ የብራዚሉ ሴልፒ ብራስ ነው። ለአሁኑ አላሰብኩበትም።

የቀረኝ ንግግሩ ነው። በአጭር የድምፅ መልእክት መለማመድ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ። የብራዚሉን የያዘም ቢሆን ችግር የለም፣ ጆሮዬ መልመድ አለበት። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ሰው ከተገኘ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ቁጭ ብለን ብናወራ ይሻላል።