ከቀለሙ ሥር የተገኙ ሦስት ፊደላት

ላንድሮቨሯን የገዛኋት በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጎባ ከተማ ውስጥ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጓሮ ነው። በዚያን ቀን ኮፈኗ ላይ ዶሮዎች ሰፍረው ነበር፤ የኋላ ክፍሏ በገብስ ጆንያ ተሞልቶ፣ ጎማዎቿም ተንፍሰው ቸርኬዎቿ መሬት ነክተው ነበር። ሻጩ ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ አባት ሲሆኑ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ከጎባ ተነሥተው የሳነቴን አምባ እያቋረጡ ወደ ደሎ መና ሰውና እህል ሲያመላልሱባት እንደኖሩ ነገሩኝ። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ሊብሬዋን ከተጠቀለለበት ጨርቅ እየፈቱ፣ «ልጄ፣ አደራህን፤ አሳምረህ የሠርግ መኪና እንዳታደርጋት። ይህች የሥራ መኪና ናት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ የቃሉ ክብደት የገባኝ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች፣ «ሲሪዝ ቱ-ኤ» የሚባለው ዓይነት፣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል 109 ኢንች ርቀት ያላት ረጅሟ ላንድሮቨር ናት። ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሯ 2286 ሲሲ ነው። ከዋናው ማርሽ ጎን ሁለት ተጨማሪ ማንሻዎች አሉ፤ ቢጫ ጫፍ ያለው ወደ ታች ሲጫን የፊት እግሮቿም መሳብ ይጀምራሉ፣ ቀይ ጫፍ ያለው ደግሞ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆነውን ከባድ ማርሽ ያስገባል። መሪዋ በግራ መሆኑም የራሱ ታሪክ አለው፤ ኢትዮጵያ ከመንገድ ግራ ወደ መንገድ ቀኝ የዞረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነውና፣ ይህች መኪና ለአዲሱ ሥርዓት ተብለው ከገቡት መካከል ነበረች ማለት ነው።

በአይሱዙ ጭኜ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ፣ መፍታት ስንጀምር መጀመሪያ ያስገረመኝ ሃምሳ ዓመት የሞላው ገላዋ ዝገት የሌለበት መሆኑ ነው። ምክንያቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ይነሣል። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በአንግልሲ ደሴት በሚገኘው እርሻው የሚሠራበት አሜሪካ ሠራሽ ዊሊስ ጂፕ እያረጀ ሲሄድ፣ እርሱን የሚተካ የእርሻ መኪና ራሳቸው ለመሥራት አሰቡ፤ በእንግሊዝ ግን ብረት በኮታ የሚከፋፈልበት ጊዜ ስለነበር፣ ለአውሮፕላን ሥራ ከተስፋፋው ኢንዱስትሪ በቀላሉ ይገኝ በነበረው አሉሚኒየም ገላውን ሠሩት። መኪናው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ያ ችግር የወለደው ብልሃት ነው ጎባ ጓሮ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ለኖረችው መኪና የተረፋት። ችግሩ ያለው አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፣ የብረቱ ሻንሲም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ሻንሲዋን በመዶሻ እያንኳኳን ስንፈትሽ፣ ጤነኛው ክፍል እንደ ደወል ሲጮኽ የበሰበሰው ክፍል የታፈነ ድምፅ ይሰጠን ነበር። የኋላ ማገሯና ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳ እግር ማሳረፊያው አካባቢ ተበልተው ነበር፤ ተቆርጠው በአዲስ ብረት ተበየዱ።

ሥራውን የመራው እኔ ጋሼ የምለው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ላንድሮቨር ሲፈታ የኖረ መካኒክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ሶማሌ ተራ እየወረድኩ በክምር የተቀመጡ አሮጌ ዕቃዎችን በእጄ መለየት ተማርኩ። ባሊስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፤ የእንግሊዝ መኪና በጣልያን ስም እየተጠራች በኢትዮጵያዊ እጅ ስትጠገን መስማት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃሉም አብሮት ተላልፎ ኖሯል፤ የትኛውም የፋብሪካ መመሪያ መጽሐፍ ይህንን አልመዘገበም።

መመሪያ መጽሐፉ ያልመዘገበው ሌላም ነገር አገኘን። ካርቡራቶሩን ስንፈታ ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን ከፋብሪካው መለኪያ ያነሰች ሆና ተገኘች። ጋሼ ወደ ብርሃን አንሥቶ ካያት በኋላ፣ «ይህን የሠራ ሰው ሳነቴን ያውቀዋል» አለኝ። አምባው ከባሕር ወለል ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ የተለመደው የቤንዚን መጠን እዚያ ላይ ይበዛል፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። አንድ ስሙን የማናውቀው መካኒክ ቀዳዳዋን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ፣ ከዚያ በቀጭኑ እንደገና በስቷት ነበር። ያችን ብሎን በአዲስ ቀይሬያታለሁ፤ አሮጌዋን ግን በትንሽ ጠርሙስ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫታለሁ።

ሦስቱ ፊደላት ወደተገኙበት በር ልምጣ። አንድ ቀለም ቀቢ በመጀመሪያው ሳምንት ላሜራውን ሁሉ በማሽን ልጦ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ «እንደ አዲስ» ሊያደርጋት ዋጋ ነግሮኝ ነበር። ዋጋው ስለከበደኝ ብቻ እኔው ራሴ በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ማላቀቅ ጀመርኩ። ከላይ አረንጓዴው ለቀቀ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ነጭ ታየ። በነጩ ላይ በብሩሽ የተጻፉ ጥቁር መስመሮች ሲገለጡ ወረቀቱን ወርውሬ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ቀጠልኩ። «ንጣጣ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ነበሩ። የፊተኛው ፊደል መሆን የነበረበት ቦታ ላይ በሪቬት የተመታ የአሉሚኒየም ልጣፍ አለ። ከልጣፉ ሥር «ፈ» እንዳለች ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የዘመቻው ስልት ሕመም የታየበትን መንደር ፈጥኖ አግኝቶ በዙሪያው ያለውን ሰው ጫፉ ለሁለት በተሰነጠቀ መርፌ መከተብ ስለነበር፣ ሁሉ ነገር በመድረስ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ መኪና እስከሚሄድበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎና በእግር ይኬዳል። ንጉሣዊው ሥርዓት ሲወድቅም ሥራው አልቆመም። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል መንደር ነው፤ ጎባ በዚያን ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች። መኪናዬ እስከዚያች መንደር ደርሳለች ልል አልችልም፤ ማስረጃ የለኝም። ሻጩን ደውዬ ስጠይቃቸው እርሳቸውም የገዟት ከመንግሥት ጨረታ ላይ ካወጣት ሰው እንደሆነና ያኔም ሰማያዊ እንደነበረች ብቻ ነገሩኝ። ሦስቱ ፊደላት ግን ምን ስትሠራ እንደነበር ይናገራሉ።

እናቴ በልጅነቷ ፈንጣጣ ይዟት ነበርና ግንባሯና ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳው አለ። ጋራዡ ድረስ ወስጄ በሩን አሳየኋት። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ካነበበች በኋላ፣ «እኛ ቀዬ ከታቢዎቹ ሲመጡ ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ጫካ ገባ። እኔን ግን ቀድሞ ይዞኝ ስለነበር የምሸሽበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ቁጭ ብዬ መኪናቸውን አየሁ» አለችኝ። ስለ ሕመሟ በራሷ አንደበት ስትናገር የሰማሁት በዚያን ቀን ነው። ለምን ቀደም ብዬ እንዳልጠየቅኳት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ቀለም ቀቢውን አልጠራሁትም። የተበየደው ሻንሲና አዲሱ የብረት ግድግዳ ጸረ ዝገት ተቀብተዋል፤ የተቀረው ገላ ከነጭረቱ፣ ከነጎድጓዳው፣ ከሦስቱም ቀለማት ጋር ቀርቷል፤ በሩን በማያንጸባርቅ መከላከያ ቅባት ብቻ ሸፈንኩት። የድሮ መኪና የሚወዱ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን የነበራትን መልክ መመለስ ነው እድሳት ይላሉ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ፣ በሥራቸውም ጥራት እደነቃለሁ፤ ነገር ግን በፋብሪካው በር ላይ የነበረችው መኪና ገና ምንም አልሠራችም ነበር። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሐሳቤ ይበልጥ ጸንቷል። ከእንግዲህ ያሉን ላንድሮቨሮች በየጓሮው ያሉት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ በማሽን በተላጠ ቁጥር ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ጽሑፍ ይጠፋል።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ጎኔ ተቀምጦ ወደ እንጦጦ ወጣን። አንደኛና ሁለተኛ ማርሿ በፋብሪካ ሥሪታቸው ራሳቸውን ስለማያስማሙ፣ ወደ ታች ሲቀነስ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጡ ጥርሶቹን በጆሮ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት፣ በአራተኛው ያለ ድምፅ ገባልኝ፣ ጋሼም ምንም ሳይል ራሱን ነቀነቀ። ስንመለስ ካምቢዮው ሥር ዘይት ጠብታ አየን። ቅዳሜ ዘይቱን የምታግደውን ጎማ ልንፈልግ ሶማሌ ተራ እንወርዳለን፤ ለልጣፉ የሚሆኑ አራት ሪቬቶችም ያስፈልጉኛል፤ ጋሼ የድሮዎቹን እንዳልነካቸው፣ የላሉትን ብቻ እንድተካ አስጠንቅቆኛል።