የቃሪያው ልጣጭ

ጅማ ውስጥ በአንድ የጠበቃ ቢሮ በረዳትነት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚያው ጅማ መርካቶ ቡና የሚቸረችሩ እናት መጡ። ልጃቸው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ መጥፋት ጠንከር አድርጎ ተናግሮ ነበር፤ ዓርብ ማታ ከቤት ወሰዱት። ጣቢያ ሄደው ቢጠይቁ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ተባሉ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ያዝዛል። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁና አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም የያዘው ሰው ተያዡን ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ የሚጠየቅበትን ማመልከቻ፣ በችኮላ አዘጋጀሁ። ወደ ፍርድ ቤቱ ቋንቋ ወደ አፋን ኦሮሞ መልሼ፣ ተጠሪውን «ፖሊስ ጣቢያው» ብዬ አስገባሁ። ሬጅስትራሩ ወዲያው መለሰልኝ። «መጥሪያውን ለግንቡ ልስጠው?»

ጋሼ፣ አለቃዬን እንዲያ ነው የምጠራቸው፣ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ላይ ገለጡልኝ። የያዘው ሰው ስም፣ የተያዘበት ቦታና ሁኔታ፣ የምስክሮች ስም በቃለ መሐላ ይቅረብ ይላል፤ ተያዡ ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል። እውነቱን ለመናገር አንቀጹ ጠፍቶኝ አልነበረም። የጣቢያውን ኃላፊ ስም መጻፍ ፈርቼ ነው። ማታ ማታ አንድ ሻይ ቤት ነው የምንቀመጠው።

እናትየው ግን ስሙን ከነማዕረጉ ነገሩኝ። «እዚያ መኖሩን በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ምሳ ዕቃውን ዘበኛው ይቀበለኛል። ጾም ስለሆነ ስንግ አደርግለታለሁ። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሽንኩርቱን በልቶ የቃሪያውን ልጣጭ ይተዋል። ትናንትም ልጣጩ ብቻ ተመለሰ።»

ጋሼ ሳቁና «እንዳሉት ጻፈው» አሉኝ።

ሬጅስትራሩ ቃለ መሐላውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፍርድ ቤቱም ኃላፊው ወጣቱን ይዞ ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ አዘዘ። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት ልጁ ያለ አንዳች ወረቀት ተለቀቀ። ኃላፊው ችሎት ቀርቦ «በእጃችን ሰው የለም» አለ፤ በዚያ ሰዓት እውነቱን ነበር። መዝገቡ ሊዘጋ ሲል ጋሼ ተነሥተው የተያዘበትና የተለቀቀበት ቀን ይጻፍልን ብለው አመለከቱ። ዳኛው አስመዘገቡት።

ከሳምንት በኋላ እናትየው ተመልሰው መጡ። ምሳ ዕቃቸው ጣቢያ ቀርቷል። ሊወስዱ ቢሄዱ «የምን ምሳ ዕቃ?» ተብለዋል።