ለሸክላ አፍቃሪዎች ዊኪ ስንሠራ

የምሠራው ድረ ገጽ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ አፍቃሪዎች ቡድን መጣልን። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዋሽንግተንና አካባቢው ይኖራል። ለዓመታት በቴሌግራም ሲከራከሩ ኖረዋል። ይህን ሸክላ ማን አሳተመው? ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ጀርባው ላይ ያለው ዘፈን ግጥሙ የማን ነው? ወርቅ የሆነ መረጃ ነው። ችግሩ ዛሬ የተባለው ነገ በበዓል ምኞትና በቀልድ ቪዲዮ ይቀበራል። ስለዚህ ዊኪ ፈለጉ። አባል ሁሉ ገብቶ የሚጽፍበት፣ የሚያርምበት፣ ማን ምን እንደቀየረም የሚታይበት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ስለ መልክ ብቻ ነበር። ይህኛው ያምራል፣ ያኛው ያረጀ ይመስላል። ከዋሽንግተን በስልክ የገባ አባል፣ ፋንደም የሚባል የሰው ዊኪ የሚያስተናግድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ እንክፈት አለ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ፋንደም እ.ኤ.አ. በ2004 የዊኪፔዲያው ጂሚ ዌልስና አንጄላ ቢስሊ የጀመሩት ነው፤ ሰርቨር አትከራይ፣ ምንም አትጭን። በምትኩ ገጽህ ላይ የእነሱ ማስታወቂያ ይወጣል። አለቃዬ ግን አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ቆይቶ መውጣት ብትፈልጉስ?» ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ዊኪ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ከፋንደም ወጥተው የራሳቸውን ቤት ሠርተዋል። ፈቃዱ ስለሚፈቅድ ጽሑፉን ይዘው መሄድ ችለዋል። የድሮው ቅጂ ግን እዚያው ቀረ። ፈላጊው ሰው ሁለት ዊኪ ይገጥመዋል ማለት ነው። ለትልቅ የጌም ማኅበረሰብ ይህ ይቻል ይሆናል። ጥቂት ሰው ለሚጽፈው የሸክላ ዊኪ ግን ሞት ነው።

የቢሯችን ወጣት ባለሙያ ዶኩዊኪ የሚባለውን፣ በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫን የዊኪ ሶፍትዌር ወደደ። እኔም እወደዋለሁ። ዳታቤዝ የለውም፤ እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፎልደሩን ከቀዳህ ባክአፕ ወሰድክ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እዚህ ላይ ነው ሙከራ ይደረግ ያልኩት። ዋጋም፣ ቀለምም ከመነጋገራችን በፊት የቡድኑ ሰዎች ራሳቸው፣ በራሳቸው ስልክ፣ ጥቂት ገጽ ይጻፉ አልኩ። አለቃዬ ጊዜ ማባከን መሰለው። ደንበኛ እንዳይሰለች ፈራ። በመጨረሻ ግን እሺ አለ።

«የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባላት ዝርዝር እና የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸው» ብሎ አንዱ ገጽ ከፈተ። ጽፎ ጽፎ ሴቭ ሲል እምቢ አለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዶኩዊኪ ሲጫን ባለው ቅንብር የፋይሉን ስም የሚያስቀምጠው በፐርሰንት ምልክት ገልብጦ ነው። አንድ የእኛ ፊደል 9 ቦታ ይበላል። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ደግሞ ከ255 ባይት በላይ የፋይል ስም አይቀበሉም። ሂሳቡ ሲሠራ 28 ፊደል አካባቢ ላይ ያልቃል። ቅንብሩን ፊደሉን ሳይገለብጥ ወደሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 ስትቀይረው አንዱ ፊደል ወደ 3 ባይት ይወርዳል፤ ስለዚህ ዶኩዊኪን የጣልነው በዚህ አይደለም።

የጣልነው በ1962 ነው።

አንድ አባል ከአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች ስለ አንዱ ሲጽፍ «1962» ብሎ ዓመቱን አስገባ። ሌላው ወዲያው ገብቶ አጠፋው። አምሃ እሸቴ ድርጅቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1962 እንዴት ሸክላ ያወጣል? የመጀመሪያው መለሰው። ሁለተኛው አጠፋው። ስድብ ሁሉ ተጀመረ። ሁለቱም ግን ልክ ነበሩ! 1962 ዓ.ም. ማለት ከመስከረም 1969 እስከ መስከረም 1970 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ያደገው በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው የኖረው በፈረንጁ። «ዓመት» የሚል አንድ ባዶ ሳጥን ሰጥተህ ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም።

ስለዚህ የሚያስፈልገን በየሸክላው ገጽ አናት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወጣ ቅጽ ነበር። ሁለት የዓመት ሳጥን ያለው፣ አንዱ ካልታወቀ ባዶ የሚተው። ወሩ ሳይታወቅ ማሽኑ አንዱን ከሌላው እንዲያሰላ አላደረግንም፤ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ ግምቱን እውነት ያስመስለዋል። ለእንዲህ ያለው ቅጽ የሚዲያዊኪ ቴምፕሌት፣ አንዴ ተሠርቶ በየገጹ የሚገባ ሞዴል ማለት ነው፣ የሚወዳደረው የለም። ዊኪፔዲያ የቆመበት ሶፍትዌር ስለሆነ አንዳንዱ አባል ለምዶታል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ዕትም 1.35 ወዲህ ቪዥዋል ኤዲተሩ፣ ያለ ኮድ እንደ ተራ ጽሑፍ የሚጻፍበት ማለት ነው፣ አብሮት ይመጣል። ድሮ ለእሱ ብቻ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ነበረብን፤ በርካሽ ሰርቨር ላይ የማይሞከር ነገር ነበር።

የስሙ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሁለት ገጽ ኖረው፤ አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ። ዓለማየሁ እሸቴም በዓ እና በአ ለሁለት ተከፈለ። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሠ እና ሰ የለ እና የመ ያህል የተለያዩ ናቸው። የቡድኑ ታላቅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰብሳቢ፣ «ሸክላው ላይ እንደታተመው ይጻፍ» አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ሸክላዎቻቸውን አመጡና አየን። አታሚዎቹም አልተስማሙም! በመጨረሻ አንዱ አጻጻፍ ዋና ገጽ ሆነ፤ ሌሎቹ በሪዳይሬክት ወደዚያ ይወስዳሉ። ሸክላው ላይ ያለው አጻጻፍ ደግሞ በቅጹ ውስጥ የራሱ ሳጥን አገኘ። ጋሼ ይህችን ሳጥን ከሁሉ አብልጠው ወደዷት።

ተከላው ራሱ የሚወራበት አይደለም። ፒኤችፒ፣ ዳታቤዝ፣ ለስልክ የሚመች ገጽታ፣ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ባክአፕ፤ በቃ። የሸክላ ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ የመጫኛውን ገደብ ከፍ አደረግን።

ምዝገባ እንደተከፈተ ግን የካዚኖና የመድኃኒት ማስታወቂያ ጎረፈ። ሰው አይደለም፣ ሮቦት ነው። ሚዲያዊኪ ተመዝጋቢውን ጥያቄ የሚጠይቅ ክዌስቲካፕቻ የሚባል ነገር አለው፤ ጥያቄውን ራስህ ታወጣለህ። «ከመስከረም ቀጥሎ ያለው ወር ማን ይባላል?» አልነው። ጥቅምት። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፤ ሞክሼ ፊደል የለበትም። ማስታወቂያው ቀጥ አለ። የዋሽንግተኑ አባል ልጅም አብሮ በሩ ላይ ቀረ፤ አባቱ ደውሎ እየሳቀ ነገረን። ለእሱ አካውንቱን በእጅ ከፈትንለት።

ከሁሉ ያልፈታነው ጋሼን ነው። ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ አይጽፉም። ቪዥዋል ኤዲተሩን አሳየናቸው፤ «እናንተው ጻፉት ልጆቼ» አሉ። አሁን የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ አንዲት ወጣት አባል ሰምታ ትጽፋለች፣ ምንጩን «በቃል፣ ከጋሼ» ብላ ታስቀምጣለች። ዊኪው ውስጥ በብዛት የሚነበቡት ገጾች የእሷ ናቸው።

በቅርቡ ደግሞ የእግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ለተመሳሳይ ሥራ መጡ። አለቃዬ ላፕቶፑን ሳይከፍት ለሦስቱ ሦስት ወረቀት ሰጣቸው። ሳትተያዩ የድሮ ተጫዋቾቻችሁን ስምና ለክለቡ የፈረሙበትን ዓመት ጻፉ አላቸው። ዓይቼው ሳቄን ያዝኩ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ጎን ለጎን ሲዘረጋቸው ሦስቱ ደጋፊዎች እርስ በርስ መጨቃጨቅ ጀምረው ነበር።