ከሚካኤል እስከ ሚካኤል

ጥር፣ ሐሙስ ማታ፣ አራት ኪሎ

ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለ ማኪያቶ ቤት ከአንድ አርቢ ጋር ብዙ ቆየሁ። ጋሼ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ የሥጋ ከብቶቻቸው ግን ዝዋይ አካባቢ፣ በወንድማቸው ልጅ እጅ ናቸው። ገና ወንበር ሳልስብ፣ «ዶክተር፣ ላሞቹ መክነዋል። የሚወጋ ነገር ካለ ጻፍልኝ፤ ከሌለ ለፋሲካ ቄራ ይገባሉ» አሉኝ።

መርፌ! ከብት ባልወለደ ቁጥር የሚጠየቀው መርፌ ነው። እኔ የጠየቅኋቸው ላሞቹ በኮርማ የተጠቁበትንና የወለዱበትን ቀን ነበር። ከፌስታል ውስጥ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር አወጡ።

እረኛው ቀኑን በቁጥር አይጽፍም፤ በታቦት ነው። «ቀይዋ፣ ጥቅምት ሚካኤል ተጠቃች።» ዝቅ ብሎ፣ «ቀይዋ፣ ኅዳር ሚካኤል ደገመች።» ከዚህ የተሻለ መዝገብ ከብዙ ትልልቅ እርባታዎች አላገኘሁም። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል 30 ቀን ነው። ያልፀነሰች ላም በ21 ቀን ገደማ፣ ሰፋ ቢል ከ18 እስከ 24 ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። አንዱ ዙር ሳይታይ ቢያልፍ በ42 ቀን ገደማ ትመጣለች። 30 ከሁለቱም አይገጥምም። ቀይዋ ፀንሳ፣ ጽንሱ ገና ሳይጠና ጠፍቶባት ሊሆን ይችላል። በአንዲት ላም አልፈርድም፤ ግን ዳልቻዋም፣ ቡሬዋም፣ ሌሎቹም እንዲሁ ቀናቸውን እያዛነፉ ደግመዋል። ይህ ሁሉ የጀመረው ባለፈው ክረምት አንድ ኮርማ ከገበያ ከተገዛ ወዲህ ነው።

ስለዚያ ኮርማ ሲያወሩ የጋሼ ፊት ይበራል። ሻኛውን በእጃቸው አየር ላይ ሠርተው አሳዩኝ። «እንዲህ ያለው ይመክናል?» አይመክንም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ትሪኮሞናስ የሚባለው ተውሳክና ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በጥቃት ጊዜ ይተላለፋሉ፤ ኮርማው ላይ ግን ምንም አይታይም። ላሟ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ራሷን ታጸዳለች፤ ዕድሜው የገፋ ኮርማ ግን ተውሳኩን በሸለፈቱ እጥፋት ውስጥ ይዞ ይኖራል። ለማወቅ ከላሞቹ ለይቶ ማሳረፍ፣ ከዚያ ከሸለፈቱ ናሙና በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ውጤት ንጹሕ ነው አልልም።

ሁሉንም በኮርማው ማላከክ ደግሞ አይገባም። የመጀመሪያ ጥጃቸውን እያጠቡ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር አሉ፤ እነዚህ ጭራሽ ኮርማ አልፈለጉም። መድኃኒታቸው መኖ ነው።

ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ሁለት ላሞች በሰባት ወራቸው ጨንግፈዋል።

«የእንግዴ ልጁን ማን አወጣው?»

«እረኛው ነዋ፣ በእጁ።»

በእርግዝናው መገባደጃ የሚያስጨነግፍ ሁሉ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ አይደለም፤ ግን ጓንት ያላደረገ እጅ ካለ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው፣ ሰውንም ይይዛልና። የመንጋው ደም ይመርመር፣ እረኛውም ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ወተቱም ይፈላ አልኳቸው። «ካፈሉት ወተት አይመስለኝም» ብለው ተቆጡ። እኔም ተቆጣሁ። አስተናጋጇ ዞራ አየችን።

ስለ ቄራውም ተከራከርን። ቄራ የሠራ ሐኪም መካን ተብላ ከታረደች ላም ማኅፀን ጥጃ ሲወጣ ማየቱ አይቀርም። ከ45 ቀን በላይ የሆነን እርግዝና የለመደ እጅ በፊንጢጣ በኩል ዳስሶ ይለያል፤ ከቢላው በፊት ይህ ጥቂት ደቂቃ እንዴት ይቀራል?

በመጨረሻ፣ «የላሞቹን ደም ውሰድ፤ ኮርማዬን ግን አትንካ» አሉ። ኮርማው ካልተመረመረ አልመጣም አልኩ። ሒሳቡን ከፍለው፣ ሳይሰናበቱኝ ወጥተው፣ ከደጅ ተመልሰው፣ «እሺ፣ ስንት ያስከፍላል?» አሉኝ።

ማታ ለወንድማቸው ልጅ ደወልኩ። ኮርማውን ለብቻ የሚያስገባበት በረት የለውም። ቅዳሜ እስክደርስ በገመድ ይታሰር፣ ገመዱም ጠንካራ ይሁን አልኩት።